«በግል ምክንያት»

ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከሞቱ በኋላ ነው የሚመጡት። በእግራቸው አይደለም እርግጥ። የእድር ዳኛ ወይም ዓይኑ ደም የመሰለ ጎረቤት በሬ ላይ ይቆምና «ሽመልስ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የሕይወት ታሪክ ቶሎ ጻፍልን» ይለኛል። ሱቄ አቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብላ፣ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ ግንባሯ ላይ ለጥፋ የምትገኝ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት ቤት ናት። ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ሲነሳ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሕፃን ይባንናል። አጋነንኩ አይደል? ልማዴ ነው፣ ቻሉኝ። ዛሬ ከማወራችሁ ውስጥ ግን አንድ ያላጋነንኩት ነገር አለ።

ማመልከቻ እጽፋለሁ። ማረሚያ ቤት ዘመዱን ሊጠይቅ ለሚሄድ ሰው መታወቂያ ኮፒ አነሳለሁ። ስሜን ያስጠራው ግን የሕይወት ታሪክ ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ «ሟች» የሚል ፋይል አለ። የስሙ ቦታ ክፍት ነው፤ የቀረው ለሁሉም ይሆናል። «ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ»፣ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ»፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። በእኔ እጅ አልፎ ደግ ሳይሆን የተቀበረ ሰው የለም። በስስቱ ሰፈር ያወቀውን አንድ ሰውዬ «እጀ ሰፊ» ብዬ ሸኝቼው፣ ከሰልስቱ በኋላ ወንድሙ መጥቶ በሹክሹክታ «ለማን ነው የሰጠው? የምታውቀው ነገር አለ?» ብሎ አፋጦኛል።

ያኔ አርባዎቹን ጀምሬ፣ ሆዴ ከሸሚዜ ቁልፍ ጋር ጠብ የጀመረበት ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ሰይድ የንግድ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ ስንቀላለድ ጋሽ ዲያቆን ገቡ። ሰይድ ከወሎ የመጣ እህል ነጋዴ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ከማንም የማይሸሽ ሰው። ጋሽ ዲያቆንን ሲያይ ግን ሚዛኑ በሌለበት እጁን ከሚዛን ላይ የሚያነሳ ይመስል ወደ ኪሱ ከተተ።

ምክንያት አለው። ጋሽ ዲያቆን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት ሚዛን መርማሪ ነበሩ። የመመዘኛ ብረቶች የተደረደሩባት የእንጨት ሣጥን ይዘው በየሱቁ፣ በየሥጋ ቤቱ፣ በየወፍጮው ይዞራሉ። ሚዛኑ ከዋሸ ያሽጉታል። አይቆጡም፣ አይሳደቡም፣ ሻይም አይጠጡም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እሳቸው በመንገድ ሲያልፉ ቅርጫት ውስጥ ያለ ድንች ራሱ ትክክለኛ ክብደቱን ለመሆን ይፍጨረጨር ነበር።

«ዲያቆን» የሚለው ስም ደግሞ የመጣው በወጣትነታቸው ከመንግሥት ሥራቸው ጎን ለጎን እዚሁ አጥቢያ ይቀድሱ ስለነበር ነው። አገልግሎቱ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን ቀርቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አጥሩን ተደግፈው ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። ለምን ውስጥ እንደማይገቡ፣ ለምንስ ቄስ ሳይሆኑ እንደቀሩ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እኔ ራሴ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም «ዲያቆን» እስኪመስለኝ ድረስ ለምጄው ነበር።

«የሕይወት ታሪክ ላስጽፍ ነው» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ወዲያው ድምፄን ወደ ሐዘን ቀየርኩት። ለሥራ የማስቀምጠው ሌላ ድምፅ አለኝ። «ነፍስ ይማር። ማን አረፈብዎት፣ ጋሽ ዲያቆን?»

«እኔ።»

ሰይድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔም አፌ ቀደመኝ፤ «መቼ?»

«ሰኞ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሰኞ ጠዋት የልብ ኦፕራሲዮን አለኝ። ሐኪሙ "ትንሽ ያሳስባል" አለኝ። ትንሽ ስንት ነው ብለው እቅጩን አይነግረኝም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከሞትኩ እድሩ ወደ አንተ ይመጣል፤ አንተም ያንን ነገርህን ታወጣለህ።»

«የትኛውን ነገሬን?»

«"ለተቸገረ ደራሽ"ህን። በየቀብሩ ላይ ያነበብከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሳይመዘን ነው የምትሰጠው። እኔ እንደዚያ አልሸኝም። ረቂቁን ዛሬ ጻፍ፣ አየዋለሁ።»

«ሟች» የሚለውን ፋይል ከፈትኩ። ሙሉ ስም ስጠይቃቸው «ተክሌ» ብለው ጀመሩ፤ እኔና ሰይድ ተያየን። ቀጥሎ ልማዴን «ታታሪ» ብዬ ጻፍኩ።

«ማን መዘነው?» አሉ። አጠፋሁት።

«ሰው አክባሪ» አልኩ።

«እሱንማ አጥፋው» አለ ሰይድ። «ወላሂ እኔን አንድም ቀን አላከበሩኝም። ሰላም ሳይሉኝ ነው ሚዛኔ ላይ የሚወጡት።»

«ልክ ነው፣ ይጥፋ» አሉ ጋሽ ዲያቆን። «ሰይድ፣ ሱቅህን ማን እየጠበቀልህ ነው?»

ሰይድ የተባረረ መሆኑ ገብቶት፣ የፈቃዱን ኮፒ እንኳ ሳይወስድ ወጣ። ጋሽ ዲያቆን በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ፤ የእኔ ሱቅ በር የሚዘጋው ለዝናብና ለግብር ሰብሳቢ ብቻ ነበርና።

«አሁን ወደ ዋናው እንምጣ» አሉ። «እኔ ዲያቆን አይደለሁም።»

«እንዴ?»

«ነበርኩ። ሳገባ ቀረ። ዲያቆን የሚያገባት ልጃገረድ መሆን አለባት፤ ቀድሞ ባል ያላት ከሆነች ክህነቱ ይቀራል። ብርቄ ከእኔ በፊት ባል ነበራት። አውቄ ነው ያገባኋት።»

እትዬ ብርቄ ሚስታቸው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ምላሳቸውን ደግሞ ከሰውየው ሚዛን እኩል የሚፈራው። ቀድሞ ትዳር እንደነበራቸው ግን እኔ፣ አቃቂ ውስጥ የወደቀ መርፌ ድምፅ የምሰማው ሰው፣ ሰምቼ አላውቅም።

«ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ» አሉ። «እግዚአብሔርም ያውቃል። የማያውቀው አቃቂ ነው። አሁን ብሞት ቀሲስ የምዕመን ፍትሐት ነው የሚያደርጉልኝ፤ እሱ ነው ትክክሉ። ሕዝቡ ግን "ለምን እንደ ዲያቆን አልተፈታም?" ማለቱ አይቀርም። ማንሾካሾክ ይጀመራል። ያኔ እኔ ሣጥን ውስጥ ነኝ። ጥቁር ለብሳ መሐል ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። መልስ የሚሰጥላት የለም።»

«ታዲያ እንዴት ይጻፍ?»

«ዲያቆን እንዳልሆንኩ ይነገር። የሷ ነገር ግን አይነሳ። አንተ ነገር መሸፋፈን ታውቅበታለህ። ሸፍነው፤ ግን እንዳትዋሽ።»

ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ታዝዤ አላውቅም። ጣቴን አፍታትቼ «በሥራ መደራረብ ምክንያት ድቁናቸውን ተዉ» ብዬ ጻፍኩ።

«ውሸት።»

«ባጋጠማቸው የጤና እክል...»

«ያኔ በሬ ነበርኩ።»

«በጊዜው በነበረው ሁኔታ...»

«እሱ መንግሥት ላይ ማላከክ ነው። መንግሥት የራሱ ይበቃዋል።»

ለስንቱ ሰካራም «ጨዋታ አዋቂ»፣ ለስንቱ ነገረኛ «ለመብቱ ተከራካሪ» ያገኘሁ ሰው አንድ ቃል አጣሁ። በመጨረሻ ሰዎች ከመሥሪያ ቤት ሲለቁ የምጽፍላቸው ማመልከቻ ትዝ አለኝና «በግል ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ዲያቆን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ስክሪኑን ብዙ አዩት። ከንፈራቸው ቃሉን በዝግታ አነበበው። «አይጎድልም» አሉ። «አይተርፍም። ይሁን።»

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ከእሳቸው አፍ «ይሁን» ያገኘ ነጋዴ አቃቂ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

በሩ ተንኳኳ። ተንኳኳ ስል ተገፋ ማለቴ ነው። እትዬ ብርቄ በአንድ እጃቸው የመድኃኒት ከረጢት፣ በሌላው የፕላስቲክ ውኃ ይዘው ገቡ።

«ሳትውጥ ነው የወጣኸው» አሉ ባላቸውን። «የልብ ሕመምተኛ ነህ ወይስ ተላላኪ?» ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አደረጉላቸው፤ ሰውየው እንደ ተማሪ ዋጡ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ስክሪኑ ሄደ። «ምንድን ነው የምታስጽፈው?»

ጋሽ ዲያቆን መዋሸት አይችሉም። ስለዚህ የባርኔጣቸውን አቧራ ማራገፍ ጀመሩ።

«ሽመልስ፣ መነጽሬን አልያዝኩም። አንብብልኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ዝም ብሎ የቢሮ ነገር ነው...»

«አንብብ።»

አነበብኩ። ልደቱን፣ ትምህርቱን፣ የመንግሥት ሥራውን። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ዘለልኳት፤ ድምፄ ሳይሰበር፣ እንደ ፍየል ቀልጠፍ ብዬ ነው የተሻገርኳት።

«ዘለልክ።»

«አልዘለልኩም።»

«ዓይንህ ዘሏል። ተመለስና አንብበው።»

ተመለስኩ። «"ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ በግል ምክንያት ድቁናቸውን ትተው ከወይዘሮ ብርቅነሽ ጋር ጋብቻ መሠረቱ።"»

ውጭ ባጃጅ ጡሩንባዋን ነፍታ አለፈች። እትዬ ብርቄ የውኃውን ክዳን በዝግታ ጠምዝዘው ዘጉ።

«"የግል ምክንያት" የተባልኩት እኔ ነኝ?»

«ብርቄ» አሉ ጋሽ ዲያቆን፣ «አንቺን እንዳይነኩሽ ብዬ ነው።»

«ማን?»

«ሰው።»

«እኔን የምትሸፍነኝ ምን ሆኜ ነው? የጎደለ ኪሎ ነኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«መቼ ትላለህ አንተ። ሰው "ጋሽ ዲያቆን" ብሎ ሲጠራህ "አቤት" ስትል እኔ አጠገብህ ነው የምቆመው። ያን ጊዜ ሁሉ እንደሌለሁ ሆኜ ነው የምቆመው። ዲያቆን ከሆንክ እኔ የለሁማ። እኔ ካለሁ አንተ ዲያቆን አይደለህም። አንዱን ምረጥ እንዳልልህ ደግሞ መርጠሃል፤ የመረጥከውን ነው የደበቅከው።»

«የማትፈልጊ መስሎኝ ነው። እንዳታፍሪ።»

«ጠይቀኸኛል?»

ጋሽ ዲያቆን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «አልጠየቅኩሽም» አሉ።

«የአገሩን ሚዛን ስትፈትሽ ኖረህ የእኔን በዓይንህ ገመትከው።»

እኔ በዚህ ሁሉ መሐል የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ነበር። ሥራ ያለኝ ለመምሰል የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ወረቀት አውጥቼ መልሼ ከተትኩ።

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «"ባለቤታቸው ቀድሞ ትዳር የነበራት በመሆኑ ድቁናቸውን ትተው አገቧት" ብለህ ጻፈው። ነገ እሑድ ነው፤ ጎረቤት ቤታችን ይመጣል፣ ትመጣና ታነበዋለህ።»

«ነገ? እትዬ፣ በሕይወት እያሉ?»

«ከሞተማ ጥቁር ለብሼ ስታንሾካሾኩብኝ ልቀመጥ ነው። ነገ ነጭ ለብሼ አጠገቡ ተቀምጬ ትሰሙታላችሁ።» ባላቸውን ቁልቁል አዩ። «ሚዛኑ ይመዝናል፣ አይመዝንም?»

ጋሽ ዲያቆን ከወንበሩ ተነሱ። «ይመዝናል» አሉ።

ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራሁም። አንድ ደንበኛ ለሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ መጥቶ «በግል ምክንያት» የሚል ቃል ሲያስጽፈኝ ወደ ሌላ ሱቅ ላክሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። የአቃቂ ክር ፋብሪካ በደጉ ዘመን ለሠራተኛ ያሠራቸው ረድፍ ቤቶች ውስጥ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለች ሁለት ክፍል ናት። እዚያች ሳሎን ውስጥ የአቃቂ እኩሌታ ነበር። ሕዝቡ የመጣው ሰኞ ሆስፒታል የሚገቡትን ሰውዬ «እግዜር ይማርዎት» ሊል ነው። ዳቦ ተደርድሯል፣ ጠላ ተቀድቷል፣ ለሰይድ ለስላሳ ቀርቦለታል። ወጣቱ ቀሲስ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱት፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እትዬ ብርቄ ነጭ በነጭ ለብሰው ባላቸው አጠገብ። ሰውየው ልብሳቸው ተተኩሶ ጫፉ ዳቦውን ይቆርጥ ነበር።

ተነስቼ የምን ወረቀት እንደያዝኩ ስናገር አንዲት እናት «በስማም» ብለው ተነሱ። ሰው በቁሙ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል ማለት ሞትን በስልክ መጥራት የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። ጋሽ ዲያቆን እጃቸውን አነሱ፤ «ተቀመጡ። ስሕተት ካለ የማርመው አሁን ነው።»

ጀመርኩ። የትውልድ መንደራቸውን ስጠራ «ከወንዙ ወዲያ ነው» ብለው አረሙኝ። ሚዛን መርማሪነታቸው ላይ ስደርስ ሰይድ እጁን አወጣ።

«የእኔን ሚዛን ሁለት ጊዜ ማሸጋቸው አልተጻፈም።»

«ሦስት ጊዜ ነው» አሉ ጋሽ ዲያቆን።

ሳሎኑ ሳቀ። እኔም ነፍስ ዘራሁ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ደረስኩ። «ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ...» አልኩ። ቆምኩ። «ከጥቂት ዓመታት...» ምላሴ ደረቀ። በሥራዬ ዘመን ስንት ሺህ ውሸት ያለ እንቅፋት ያነበብኩ ሰው፣ አንዲት እውነት ባለቤቶቿ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ ስትመጣ አልወጣ አለችኝ። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል። ጋሽ ዲያቆን መሬት መሬቱን ያያሉ። ወደ ልማዴ ልመለስ፣ አንድ ሽፋን ቃል ወርውሬ ልለፍ ስል እትዬ ብርቄ ተነሱ።

«ተቀመጥ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ያሉትን ነው ያላጋነንኩት።

«በልጅነቴ ዳሩኝ» አሉ። «ባሌ አባቴን ያክል ነበር። ጠፍቼ አዲስ አበባ መጣሁ፤ እዚሁ ክር ፋብሪካ ገብቼ ክር መዛኝ ሆንኩ። ይሄ ሰውዬ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣና "ያጭበረብራል" አለ። ሚዛኑን ነው፤ እኔን ያለ መስሎኝ ሰደብኩት።» ጥቂት ሰው ሳቀ፣ ቶሎም አቆመ። «ደጋግሞ ይመጣ ጀመር። የፋብሪካው ሚዛን እንደዚያ ዘመን ተፈትሾ አያውቅም። በኋላ ሲወደኝ ሁሉንም ነገርኩት። ባል ነበረኝ፣ አንተ ዲያቆን ነህ፣ አይሆንም፣ ሂድ አልኩት። ሄደ። ጠፋ። አልቅሼ ሲወጣልኝ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ትቼዋለሁ" አለኝ። ምኑን? ስለው "ድቁናውን" አለኝ።»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«"ትቼልሻለሁ" አላለኝም፣ ልብ በሉ። "ትቼዋለሁ" ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንጣላም፣ ስንቸገርም፣ ልጅ ሳናገኝ ስንቀርም፣ አንድ ቀን ተሳስቶ "ለአንቺ ብዬ" ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነኝ ዛሬ የምናገረው። ለእኔ ብሎ ነው።»

ተቀመጡ። ሁሉም ወደ ቀሲስ ማየት ፈልጎ ይፈራል። ጋሽ ዲያቆን እጃቸውን ባርኔጣቸው ሥር ደብቀዋል።

ሰይድ ለስላሳውን አስቀመጠ። «ጋሼ» አለ በጥንቃቄ፣ «ታዲያ እኔን ይህን ሁሉ ዘመን ያስፈራሩኝ በማን ሥልጣን ነው?»

«በመንግሥት።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ የሰማዩም ያለበት መስሎኝ ነበር።»

ሳሎኑ ፈነዳ። «በስማም» ብለው የነበሩት እናት ራሳቸው እንባቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ይስቃሉ። ቀሲስ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሱና መስቀላቸውን አወጡ። «አቶ ተክሌ» አሉ፤ ሌላ ስም ሳይጨምሩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አቤት» አሉ ጋሽ ተክሌ። ድምፃቸውን እንደዚያ ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

«ይነሱ፣ ለነገ ጸሎት እናድርስልዎት። እትዬ ብርቄ፣ እርስዎም አብረው ይቁሙ።»

ሁለቱም ቆሙ። ቀሲስ በአንድ መስቀል ሁለቱን ባረኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰማይ አልተቀደደም፣ ዳቦውም ተቆረሰ።

ሰኞ ጠዋት ከሰይድ ጋር ሆስፒታል አደረስናቸው። መዝጋቢዋ ልጅ ፎርሟን እየሞላች እትዬ ብርቄን «ከታካሚው ጋር ያለዎት ዝምድና?» ስትል «የግል ምክንያቱ ነኝ» አሏት። ልጅቷ ብዕሯን አንስታ ቀረች። ጋሽ ተክሌ አልጋው ላይ ሆነው ይስቁ ጀመር፤ ነርሷ «አባቴ፣ ልብዎት ነው እኮ የሚቀደደው፣ አይሳቁ» ብላ እስክትቆጣ ድረስ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «ጥሩ ነው» አለን። ሰይድ «ጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ። ሥራ አጥተው አይደለም፤ እኔን መፈተሽ ሥራቸው ሆነ። የሕይወት ታሪክ ስጽፍ ከጀርባዬ ይቆሙና «ማን መዘነው?» ይላሉ። «ሟች» የሚለው ፋይል ቀስ በቀስ ከስቶ ከስቶ ስምና ቀን ብቻ ቀረው። ያኔ ነው እኔም የምጠይቀውን የቀየርኩት። ድሮ ቤተሰቡን «ምን ሠሩ? ምን ሆኑ? ምን ተሸለሙ?» እል ነበር። አሁን እሱን ከጨረስኩ በኋላ «ምን ተዉ? ለማን ብለው?» እላለሁ።

መጀመሪያ ሰው ግራ ይጋባል። ከዚያ አንዱ ቀና ይልና ይናገራል። ወንድሟ እንዲማር ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ያስቀመጠች እህት። ልጁ ማታ ማታ እያለቀሰበት የጅቡቲ መስመሩን ትቶ ከቃሊቲ መገናኛ ሚኒባስ መንዳት የጀመረ የከባድ መኪና ሹፌር። የሚያወሩኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ነገሩን ጮክ ብለው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነው። የሚያሳዝነው ታዲያ፣ የተተወለት ሰው እዚያው ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ይገኛል፤ መመስገን የሚገባው ሰው ደግሞ በሣጥን ውስጥ ነው።

ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር አይደለም፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ግን ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው ጠይቁ። «ለእኔ ብለህ ምን ተውክ? ለእኔ ብለሽ ምን ተውሽ?» በሉ። እኔ ባለቤቴን ጠይቄያታለሁ። ገና ጎረቤታሞች ከነበርንበት ጊዜ ጀምራ ስትዘረዝር ወጡ አረረ፤ እኔም በሥነ ሥርዓት ተቀምጬ ሰማሁ፣ አንድም ቀልድ ሳልጥል። ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ምድጃ ላይ ምንም ሳይኖር ጠይቁ።

ጋሽ ተክሌ ያረፉት ዓምና ነው፤ በእንቅልፋቸው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ። ቀሲስ የምዕመን ፍትሐት አደረጉላቸው። እኔም ያቺን ወረቀት፣ በእጃቸው የታረመችውን፣ አነበብኩ፤ ምላሴ አልደረቀም። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከሩቅ የመጣ አንድ ዘመዳቸው፣ ያን እሑድ ያልነበረ፣ ንባቡም ያመለጠው፣ ጎኑ ወዳለው ሰው ጎንበስ ብሎ «ዲያቆን አልነበሩም እንዴ? ለምንድን ነው እንደ ዲያቆን ያልተፈቱት?» ሲል ሰማሁት። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር። ድንኳኑ ሁሉ ሰማ።

ሰዉ ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ብርቄ ዞረ። ጥቁር ለብሰው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። ሰውዬው እነማን እንደሰሙት ሲገባው ፊቱ ቀላ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በአግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ የለቀቁትን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ታሪኩ ረጅም ነው።»